የእናቴን የተረፈ መድኃኒት ሽንት ቤት ልድፋው?

ጥያቄ፦ «እናቴ ካረፈች አርባዋ ወጥቷል። ዕቃዋን ሳስተካክል አንድ ፌስታል ሙሉ መድኃኒት አገኘሁ። የስኳሯ ሜትፎርሚን፣ የጉልበቷ ዲክሎፌናክ፣ ግማሹ የተወሰደ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ ሌላም ሌላም አለ። ወንድሜ ሽንት ቤት ጨምሪና ውሃ ልቀቂበት ይላል። እኔ ደግሞ የአቃቂ ወንዝ በመድኃኒት ተበክሏል ሲባል ሰምቻለሁ። በዚያ ውሃ የሚበቅለውን ቆስጣ ነው የምንበላው። ነገሩ እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ምን ያህል ይጎዳናል?»

ምላሽ፦

ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ሽንት ቤት አይድፉት። ምን እንደሚያደርጉት ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ። የሰሙት ወሬም እውነት ነው። ነገር ግን ወንዙን የበከለው በዋናነት እንደርስዎ ያለ ፌስታል አይደለም። እናትዎ በሕይወት ሳሉ በአግባቡ የዋጡት መድኃኒት ነው። እኔም የምውጠው፣ ጎረቤትዎም የሚውጡት።

ሜትፎርሚንን እንውሰድ። ብዙዎቻችን የተዋጠ ኪኒን ሥራውን ሠርቶ እዚያው ሰውነት ውስጥ የሚያልቅ ይመስለናል። ሜትፎርሚን አያልቅም። ጉበት አይነካውም። ስኳሩን ዝቅ አድርጎ ራሱ ግን እንደገባው ይወጣል፣ ከፊሉ በሽንት፣ ከፊሉ በሰገራ። እናትዎ በቀን ሁለት ባለ 500 ሚሊግራም ይወስዱ ከነበረ በዓመት 365 ግራም ይሆናል። ከሲሶ ኪሎ በላይ ማለት ነው። ፌስታልዎ ውስጥ ያለው አሥር ፍሬ የያዘ አንድ ስትሪፕ ግን 5 ግራም ብቻ ነው። አሁን ሁለቱን ያወዳድሩት።

ሁሉም መድኃኒት እንደ ሜትፎርሚን አይደለም። ፓራሲታሞልን ጉበት በደንብ ይለውጠዋል። አሞክሳሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከግማሽ በላዩ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ሲፕሮም ከሞላ ጎደል እንደዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እርስዎም ያውቁታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከመስመር ጋር የተገናኘ ሽንት ቤት አለ። ጉድጓድ አለ፣ ሲሞላ መኪና ተጠርቶ የሚያስመጥጡት። በቀጥታ ወንዝ ላይ የተለቀቀም አለ። ቀበና ድልድይ ላይ በየካቲት ወር ቆም ብሎ ወደ ታች ያየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆች ናቸው) አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት ወጥቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ በ104 አገሮች ከሚገኙ 258 ወንዞች፣ ከ1,052 ቦታዎች ውሃ ቀዱ። በእያንዳንዱ ናሙና 61 መድኃኒቶችንና መሰል ኬሚካሎችን ፈለጉ። በአማካይ ብዙ መድኃኒት የተገኘባቸው ከተሞች በቅደም ተከተል የፓኪስታኗ ላሆር፣ የቦሊቪያዋ ላፓዝ እና የእኛዋ አዲስ አበባ ነበሩ። የላሆር በሊትር 70.8 ማይክሮግራም ነው። የእኛ 51.3። ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው።

ይህን የሰሙ ሰዎች «እንዴ፣ እኛ ከአሜሪካኖች በላይ መድኃኒት እንውጣለን?» ይሉኛል። አንውጥም። ልዩነቱ ያለው ከዋጥን በኋላ ነው። የእነሱ ፍሳሽ በማጣሪያ ጣቢያ አልፎ ትልቅ ወንዝ ውስጥ ይገባል። የእኛ ከብዙ ሰፈር ሳይጣራ ይወርዳል። የሚወርድበትም ወንዝ በበጋ ምንጭ ያህል ነው። ብዙ ሕዝብ፣ ትንሽ ውሃ። ቀበናም፣ ባንተይቀጡም፣ ቀጨኔም የከተማውን ይዘው መጨረሻቸው አቃቂ ነው። አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። የተሸከመውን ተሸክሞ አፋር ውስጥ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ «ምን ያህል ይጎዳናል» ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያልሆነ ነገር ይፈራና የሚያስፈራውን ያልፈዋል።

በሌላው ዓለም የቧንቧ ውሃ ውስጥ መድኃኒት ሲገኝ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ100 ናኖግራም አይበልጥም። ናኖግራም የማይክሮግራም ሺኛ ነው። በቀን ሁለት ሊትር እንደዚህ ያለ ውሃ የሚጠጣ ሰው የአንድ ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን ያህል ለመውሰድ ወደ 6,800 ዓመት ገደማ መኖር አለበት። ማቱሳላም አይደርስበት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2012 ባወጣው ዘገባ በዚህ መጠን ሰው ላይ ጉዳት ይደርሳል ተብሎ የሚያሠጋ አይደለም ብሏል። የአዲስ አበባን ወንዝ ውሃ በቀጥታ ቢጠጡትስ? ያኔ ሒሳቡ ወደ 13 ዓመት ይወርዳል። ግን 13 ዓመት አይጠጡትም። በሁለተኛው ቀን ተቅማጡ አልጋ ላይ ይጥልዎታል።

ስለዚህ የሚያሳስበኝ «ሳላውቅ መድኃኒት ጠጣሁ» የሚለው አይደለም። የሚያሳስበኝ ውሃውን የማይጠጡት፣ ይልቁንስ የሚኖሩበት ናቸው። ዓሣው፣ እንቁራሪቱ፣ ባክቴሪያው። እኛ ኪኒን በሰዓት እንወስዳለን፣ እነሱ እንቁላል ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ውስጡ ናቸው።

ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ ግዛት፣ ለሳይንስ ብቻ ተብለው የተከለሉ ሐይቆች አሉ። ተመራማሪዎች ከሐይቆቹ አንዱን መረጡና ከ2001 እስከ 2003 በየበጋው የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ውስጥ ያለውን ሆርሞን ጨመሩበት። መጠኑ በሊትር 5 ወይም 6 ናኖግራም ነበር። አንድ ግራም በ200 ሚሊዮን ሊትር ውስጥ እንደማለት ነው። ወንዶቹ ዓሣዎች የእንቁላል ፕሮቲን መሥራት ጀመሩ፣ የሴት ሥራ። ትንንሾቹ ዓሣዎች መራባት አቅቷቸው ከሐይቁ ሊጠፉ ደረሱ። እነሱን የሚበላው ትልቁ ዓሣም ተጎዳ፣ የሚበላው አጥቶ። ደስ የሚለው፣ ሆርሞኑ ከቆመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓሣዎቹ ተመልሰዋል። በስዊድን ደግሞ ኦክሳዜፓም የሚባል የጭንቀት መድኃኒት ያለበት ውሃ ውስጥ የገቡ ዓሣዎች ደፋር ሆኑ፣ ከመንጋቸው ተነጥለው ብቻቸውን መዞር ጀመሩ። ለዓሣ ደፋርነት ጥሩ ነገር አይደለም። ትልቁ ዓሣ እየጠበቀ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ፌስታልዎ ውስጥ ያለው ዲክሎፌናክ ያደረገውን ልንገርዎት። እኔ ይህን ታሪክ ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ህንድ ውስጥ ላም ስትሞት አብዛኛው ሰው ሥጋዋን አይነካም። ከመንደር ወጣ ተደርጋ ትጣላለች። ጥንብ አንሳ ይወርድባታል። በጥቂት ሰዓት አጥንት ብቻ ይቀራል። በ1980ዎቹ በአገሪቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥንብ አንሳዎች ነበሩ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን ዛፍ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚቀመጡ፣ ከዚያ የሚወድቁ ወፎች መታየት ጀመሩ። በ1992 እና በ2007 መካከል አንደኛው ዝርያ ከ1,000 ወደ 1 ወረደ። እንደተጻፈው ነው፣ 99.9 በመቶው ጠፋ። መጀመሪያ አዲስ ቫይረስ ነው ተባለ። ፓኪስታን ውስጥ የሞቱትን ወፎች የመረመረ ቡድን በ2004 መልሱን ይዞ መጣ። ሆዳቸው ሲከፈት ኩላሊታቸውና ጉበታቸው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ሪህ ነው። ኩላሊት መሥራት ሲያቆም ዩሪክ አሲድ የሚባለው የሰውነት ቆሻሻ እየጠጠረ የውስጥ አካል ላይ ይለጠፋል። ሁሉም ውስጥ ዲክሎፌናክ ተገኘ።

ዲክሎፌናክ በዚያ ጊዜ ርካሽ ሆኖ ነበር። ገበሬው የምታነክሰውን ላሙን ይወጋታል። ዳነች ዳነች፣ ካልዳነች ትሞታለች። መድኃኒቱ ሥጋዋ ውስጥ እያለ ከሞተች ጥንብ አንሳው ይበላዋል። ለእኛ የወገብ ማስታገሻ የሆነው ለእሱ የኩላሊት መርዝ ነው። ሒሳቡን የሠሩት ሰዎች እንዳሉት፣ ያን ሁሉ ወፍ ለመጨረስ ከ100 የሞተ ከብት አንዱ እንኳ መርዘኛ መሆን አላስፈለገውም።

ከዚያ የሆነው ነው ወደ ሰው የሚመልሰን። ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ። ውሻ በዛ። ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ በዛ። ውሃውም ተበከለ። ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥንብ አንሳዎቹ በመጥፋታቸው ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ብቻ ህንድ ውስጥ ወደ 500,000 የሚጠጋ ሰው ያለጊዜው ሞቷል ብለው ገምተዋል። አንዱም ከዲክሎፌናክ በቀጥታ የሞተ አይደለም። ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 መድኃኒቱን ለከብት ከለከሉ። ባንግላዴሽ በ2010 ተከተለች። ሜሎክሲካም የሚባል ወፎቹን የማይጎዳ ምትክ ነበር። ገበሬው ግን ለሰው የተሠራውን ትልቁን ጠርሙስ እየገዛ መውጋቱን ቀጠለ። በ2015 ህንድ ለሰው የሚሸጠው መርፌ ከ3 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ አዘዘች። ላም ለመውጋት በርከት ያለ ጠርሙስ ሊገዛ ነው፣ ዋጋው አይቀመስም። ብልህ ሕግ ይሉታል ይህን ነው።

«ይህ የህንድ ጉዳይ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ቄራ አካባቢ በጠዋት ቢያልፉ ጣራ ላይ የተደረደሩትን ጥንብ አንሳዎች ያያሉ። እኛ ዘንድ ካሉት ዝርያዎች አንዳንዶቹ ህንድ ላይ ላለቁት የቅርብ ዘመድ ናቸው። ጀርባ ነጩ የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ለዲክሎፌናክ እኩል ስስ እንደሆነ ተፈትኖ ታውቋል። የሞተ ከብትም እኛ አገር ሜዳ ላይ ይጣላል። እውነቱን ለመናገር በአሁኑ ሰዓት የአፍሪካን ጥንብ አንሳ በብዛት የሚገድለው ለጅብና ለውሻ የሚጣል መርዝ ነው። ሆኖም ገጠር ከብት ያለው ዘመድ ካለዎት የእናትዎን ዲክሎፌናክ «ለላሟ ይሆናል» ብለው እንዳይልኩለት። የእንስሳት ሐኪሙን ሜሎክሲካም ይጠይቅ።

ሦስተኛው ጉዳይ ሲፕሮ ነው። ለእኛ ለሰዎቹ ከሁሉ የሚከፋውም እሱ ነው።

ወጣት ሳለሁ መድኃኒት ቤት ቆሜ ሠርቻለሁ። አንዱ ሆዱን ይዞ ይመጣል። «ሁለት ሲፕሮ ስጠኝ» ይላል። አሥር አይደለም፣ ሁለት። ማዘዣ የለም። ስትሪፑን በመቀስ ቆርጬ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሁለት ሲፕሮ ብዙውን ጊዜ በሽታውን አያጠፋም። ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ጠንካራውን ይተወዋል። ከዚያ ግማሽ ያህሉ መድኃኒት በሽንት ወጥቶ ወንዝ ይገባል። ወንዙ ውስጥም ያው ሥራ ይቀጥላል። መጠኑ ባክቴሪያን ለመግደል አይበቃም፣ ለማሠልጠን ግን ይበቃል። ባክቴሪያዎች ደግሞ መድኃኒቱን የሚቋቋሙበትን ዘረመል እርስ በርስ ይቀባበላሉ። ከሰው አንጀት የመጣው፣ ከዶሮ እርባታ የመጣው፣ ከሆስፒታል የመጣው ሁሉ ፍሳሽ ውስጥ ይገናኛል። ገበያ ነው በሉት።

የዚህ ነገር ጥግ የታየው ህንድ ሃይደራባድ አጠገብ፣ ፓታንቸሩ የሚባል ቦታ ነው። የ90 ያህል መድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚያጣራ ጣቢያ አለ። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2007 ባሳተሙት ጽሑፍ ከጣቢያው «ተጣርቶ» በወጣው ውሃ ውስጥ ሲፕሮ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም አግኝተዋል። ናኖግራም አላልኩም፣ ሚሊግራም ነው። 16 ሊትር ውሃ አንድ ሙሉ ባለ 500 ኪኒን ይዟል ማለት ነው። አንድ ባልዲ ያህል። መድኃኒቱን የሚወስድ ሕመምተኛ ደሙ ውስጥ ከሚገኘው ይበልጣል። እኛ በርካሽ የምንገዛው መድኃኒት አንዳንዴ ርካሽ የሆነው የቀረውን ዋጋ የዚያ አካባቢ ገበሬ ስለሚከፍል ነው።

መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በ2019 ብቻ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ ሞቷል ተብሎ ተገምቷል። የዚህ ሁሉ ምንጭ ወንዝ ነው አልልም። ትልቁ ምክንያት ያላግባብ መውሰድ ነው። ወንዙ ግን ተላማጁ ባክቴሪያ ወደ ቤታችን የሚመለስበት አንዱ በር ነው።

በዚህ በኩል ነው ቆስጣው የሚገባው። ተክል መድኃኒት ይመጥጣል ወይ ካሉኝ፣ አዎ። በተለይ ካርባማዘፒን የሚባለው፣ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው፣ ከውሃው ጋር ወጥቶ ቅጠል ላይ ይከማቻል። ውሃው ከቅጠሉ ይተናል፣ መድኃኒቱ ይቀራል። እስራኤል አብዛኛውን የፍሳሽ ውሃዋን አጣርታ ለእርሻ ስለምታውል ይህን በሰው ላይ አጥንተዋል። ለ34 ጤነኛ ሰዎች በተጣራ ፍሳሽ የበቀለና በንጹሕ ውሃ የበቀለ አትክልት በየተራ ሰጧቸው። በፍሳሽ ውሃ የበቀለውን ሲበሉ ካርባማዘፒን ሽንታቸው ላይ ከፍ አለ። ወደ ሌላው ሲዞሩ ወረደ። ይሁንና መጠኑ መድኃኒቱን ከሚወስድ ሕመምተኛ በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነበር። እኔ በዚህ መጠን ምክንያት ቆስጣ ተው አልልም። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ግን፣ ምርጫ ካለ፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ ቢሆን እመርጣለሁ።

የአቃቂ ቆስጣ ዋናው ችግር መድኃኒት ሳይሆን ጀርምና የትል እንቁላል ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከፋብሪካ የሚመጣ ከባድ ብረት አለ። ቆስጣና ጎመን በደንብ አጥበው ይቀቅሉ። መቀቀል መድኃኒቱንም ብረቱንም አያጠፋም፣ ባክቴሪያውን ግን ይገድላል፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ምንጩን የማያውቁትን ሰላጣ በጥሬው አይብሉ። ሎሚ ስለጨመሩበት አይድንም።

ማጣሪያ ጣቢያ ቢሠራስ? ግማሹን ይፈታል። ባክቴሪያ የሚጠቀመው የተለመደው ዓይነት ማጣሪያ ፓራሲታሞልን፣ ኢቡፕሮፌንን በደንብ ይበላል። ካርባማዘፒንን ግን ከሞላ ጎደል እንዳለ ያሳልፈዋል። ለእሱ ኦዞን የሚባል ጋዝ ወይም በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ ከሰል ያስፈልጋል። ስዊዘርላንድ ከ2016 ጀምሮ በሕግ ይህን ማስገባት ጀምራለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ ደግሞ የዚህን ተጨማሪ ማጣሪያ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶ የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች እንዲከፍሉ ወስኗል። አምራቾቹ ደስ አላላቸውም። ለአዲስ አበባ ግን ኦዞን ቅንጦት ነው። የእኛ ጥያቄ ፍሳሹ መጀመሪያ ጣቢያው ይደርሳል ወይ ነው። ሁሉም ቤት መስመር ቢገባ ብቻ ከመድኃኒቱ ብዙው እጅ ወንዙ ሳይደርስ ይቀራል።

በሉ ወደ ፌስታሉ።

መጀመሪያ የሚቀርብዎትን ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ይጠይቁ። ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት የሚያስወግዱት በሥርዓት ስለሆነ ከራሳቸው ጋር ሊቀበሉዎት ይችላሉ። አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች ዕድለኞች ናችሁ፣ ብዙ ፋርማሲ ውስጥ ለዚሁ የተቀመጠ ሳጥን አለ። የሚቀበል ካጡ፣ ኪኒኖቹን ከስትሪፑ ያውጡ። አሮጌ ሃይላንድ ውስጥ ይክተቱና የቡና አተላ ጨምረው ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ይበጥብጡት። ሽሮፕ ካለም እዚያው ይገለብጡት። ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉ፣ በፕላስተር ይጠቅልሉ። ከዚያ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ይስጡ። አተላው ለምን መሰለዎት? ቆሻሻ ላይ የሚለቅም ሰው ወይም ልጅ አግኝቶ እንዳይውጠው ወይም መልሶ እንዳይሸጠው ነው። ግቢ ውስጥ አያቃጥሉት፣ ጭሱ መርዝ ነው። የኢንሱሊን መርፌ ካለ ለብቻው ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ያድርጉት፣ የቆሻሻ ሰብሳቢዋ እጅ እንዳይወጋ። ማሸጊያው ላይ የእናትዎ ስም ካለ ይሰርዙት።

ለጎረቤት አይስጡ። ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። መድኃኒት ውድ ነው፣ የእናትን ነገር መጣልም ሆድ ያባባል። ነገር ግን የእናትዎ ዲክሎፌናክ ኩላሊቱ የደከመ ወይም ጨጓራ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል፣ የተቀመጠበትንም ሁኔታ አናውቅም።

ከፌስታሉ ውስጥ ሌላውን ሁሉ እስከ ቅዳሜ ቢያቆዩት ግድ የለም። ሲፕሮውን ግን ዛሬ ያውጡት። ግማሽ የቀረ ሲፕሮ መሳቢያ ውስጥ ብዙ አይቆይም። አንድ ቀን ወንድምዎ ሆዱን ይቆርጠውና ያገኘዋል።